ለኩሬ ዓሣ የመኖ ፕሮቲን እንዴት ይመጠናል?

ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ የሚያረባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በስንት ወር ለገበያ ይደርሳል?» ብሎ ነው። ዓሣው በደህና መኖሩን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሁለቱም ላይ የመኖው ፕሮቲን ትልቅ ድርሻ አለው። ሲያንስ ዓሣው ይጎዳል፣ ሲበዛ ደግሞ የሚኖርበት ውሃ ይበላሻል።

1. ከዕድሜው ይነሱ

ገና የተፈለፈለ የቆሮሶ ጫጩት መኖው 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ቢኖረው ጥሩ ነው። ጠንከር ሲል 35 ይበቃዋል። ለገበያ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 በመቶ ያስፈልገዋል። አምባዛ ወደ ሥጋ በልነት ስለሚያደላ ከዚህ ከፍ ይላል። የኩሬዎ ውሃ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ቆሮሶ ከዚያው ከውሃው የሚለቅመው ምግብ አለው።

2. ቅልቅሉን ያስሉ

የሶያ ፋጉሎ 44፣ የኑግ ፋጉሎ 30፣ የስንዴ ፍሩሽካ 16፣ ጥሩ የዓሣ ዱቄት 60 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አላቸው። ለ100 ኪሎ መኖ 30 ኪሎ ሶያ፣ 20 ኪሎ ኑግ፣ 8 ኪሎ የዓሣ ዱቄት፣ 40 ኪሎ ፍሩሽካ እና 2 ኪሎ የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅል ይውሰዱ። ሲደመር ፕሮቲኑ 30 በመቶ ይሆናል።

«ኑግ ርካሽ ነው፣ ለምን በእሱ ብቻ አልሞላውም?» ይሉ ይሆናል። አይሆንም። ዓሣ ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ውስጥ 10ሩን ከምግቡ ማግኘት አለበት፣ ላይሲንና ሜቲዮኒን ከነዚህ ናቸው። ኑግ ላይሲን ያንሰዋል፣ ሶያ ደግሞ ሜቲዮኒን። በትራውት ዓሣ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ላይሲን ሲጎድል የጅራት ክንፍ ሲሸረፍ፣ ሜቲዮኒን ሲጎድል ዓይን ላይ ሞራ ሲወጣ ታይቷል። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው የፕሮቲን ቁጥር ብቻውን ይህን አይነግርዎትም። ማቀላቀሉ የሚጠቅመው አንዱ የጎደለውን ሌላው እንዲሞላው ነው።

ጥሬ ሶያ ካለዎት ሳይቆሉ አይስጡ። ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለው፣ እሱን የሚሰብረው ሙቀት ነው። የሻገተ ፋጉሎ ደግሞ በጭራሽ አይግባ፣ የሻጋታው መርዝ የዓሣውን ጉበት ይጎዳል።

3. በክብደት ይስጡ

በመረብ ጥቂት ዓሣ አውጥተው ይመዝኑና አማካዩን ይያዙ። ለምሳሌ 500 ዓሣ በአማካይ 100 ግራም ቢሆኑ በድምሩ 50 ኪሎ ናቸው። ከዚህ ላይ 3 በመቶው፣ ማለትም አንድ ኪሎ ተኩል፣ የቀን ድርሻቸው ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍለው ይስጡ። ጎህ ሲቀድ አይጀምሩ፣ ያኔ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን ያንሳል። ፀሐይ ወጣ ብላ፣ ጠዋት 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ይሻላል። በ15 ደቂቃ ውስጥ ያልበሉትን ነገ ይቀንሱ። ደጋ ላይ ከሆኑ የውሃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሲወርድ መኖውንም ያሳንሱ። ቆሮሶ ሲበርደው አይበላም።

4. ውሃውን ይከታተሉ

ዓሣ ስብን እንደሚያጠራቅመው የተረፈውን ፕሮቲን አያጠራቅመውም። በፕሮቲኑ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን አሞኒያ የሚባል መርዛማ ነገር አድርጎ በስንጥቡ (በመተንፈሻው) ወደ ውሃው ያወጣዋል። ያልተበላው መኖም ታች በስብሶ አሞኒያ ይጨምራል። አሞኒያው በተለይ የሚከፋው ውሃው ሲሞቅና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ሲጨምር ነው፣ በአረንጓዴ ኩሬ ከሰዓት በኋላ እንደሚሆነው። ዓሦቹ መኖ እየናቁ ከፈዘዙ፣ ስንጥባቸውም ከተቆጣ መኖ ለአንድ ቀን ያቁሙ። ከውሃው የተወሰነውን በንጹሕ ይተኩ። ከዚያ መኖው ላይ ያለውን ፕሮቲን እንደገና ያስሉ። ችግሩ ጎህ ሲቀድ ብቻ ከሆነና ዓሦቹ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን የሚከፍቱ ከሆነ ግን የኦክስጅን እጥረትን ይጠርጥሩ።

5. ሲበሉ ቆመው ይዩ

ይህን ሥራ ለሠራተኛ ሙሉ በሙሉ አይተዉት ብዬ እለምናለሁ። መኖውን አንድ ጥግ ከደፉት ትልልቆቹ ይቆጣጠሩታል። ትንንሾቹ እየተነከሱ ዳር ይቀራሉ፣ ክንፋቸውም ይሸራረፋል። በኩሬው ስፋት ይበትኑት። ልዩነቱ ከሰፋ በመጠን ለይተው ሌላ ኩሬ ወይም በመረብ የተከለለ ቦታ ውስጥ ያስገቧቸው። ለትንንሾቹ ከፍ ያለ ፕሮቲን ያለውን መኖ ለብቻ ይስጡ።