የ«ስታር ዋርስ»ን ታሪክ በጊዜ ቅደም ተከተሉ ለመከታተል የሚረዳ መመሪያ

ጆርጅ ሉካስ የመጀመሪያውን የ«ስታር ዋርስ» ፊልም በ1977 እ.ኤ.አ. ለእይታ ሲያበቃ በፊልሙ መክፈቻ ላይ ምንም ቁጥር አልነበረም። «ኤፒሶድ 4» የሚለው ጽሑፍ የገባው ፊልሙ በ1981 እንደገና በታየበት ጊዜ ነው። ኤፒሶድ 1 ደግሞ የመጣው በ1999 ሲሆን፣ ይህም ከመጀመሪያው ፊልም 22 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ በየመካከሉ የአኒሜሽን ተከታታዮች፣ ድራማዎችና ሌሎች ፊልሞች ስለገቡበት፣ ሥራዎቹን በወጡበት ዓመት የሚከታተል ሰው ከታሪኩ መሐል ይነሣል፣ ወደ ፍጻሜው ይሄዳል፣ ወደ መነሻው ይመለሳል፣ እንደገናም ወደ መሐል ይገባል። ይህን ሁሉ አስተካክሎ፣ የተፈጸመውን በተፈጸመበት ተራ ማየት ለሚፈልግ ሰው የሚከተለውን መንገድ አቀርባለሁ። ሥራዎቹ የወጡባቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ፊልሞቹን «ኤፒሶድ»፣ የተከታታዮቹን አንድ ዙር «ምዕራፍ»፣ በምዕራፉ ውስጥ ያለውን አንዱን ትርኢት ደግሞ «ክፍል» እላለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። ይህ ቅደም ተከተል «ስታር ዋርስ»ን ጨርሶ ላላየ ሰው አይመከርም። የ1980ው ፊልም «ዘ ኢምፓየር ስትራይክስ ባክ» ተመልካቹን ያስደነገጠው ጨካኙ ዳርዝ ቬደር የዋናው ጀግና የሉክ ስካይዎከር አባት መሆኑን ሳይጠበቅ በመግለጡ ነው። ቬደር በቀድሞ ስሙ አናኪን ስካይዎከር ስለሚባልና ታሪኩ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚተረክ፣ ከኤፒሶድ 1 የጀመረ ሰው ይህን ምስጢር ገና ሉክ ሳይወለድ ያውቀዋል። ስለዚህ አዲስ ተመልካች ከሆኑ ሦስቱን የቆዩ ፊልሞች፣ የ1977ቱን፣ የ1980ውንና የ1983ቱን፣ በወጡበት ተራ ይመልከቱና ከዚያ ወደዚህ ይመለሱ። ከዚህ በታች የተጻፈውም የታሪኩን ምስጢሮች የሚገልጥ መሆኑን ይወቁ።

የታሪኩ ዘመን የሚቆጠረው በኤፒሶድ 4 መጨረሻ ላይ ከሚካሄደው የያቪን ውጊያ ተነሥቶ ነው። እኛ ከክርስቶስ ልደት በፊትና በኋላ እንደምንለው ሁሉ በዚያም ከያቪን በፊትና ከያቪን በኋላ ይባላል። ከያቪን በፊት ያለው ቁጥር ወደ ኋላ የሚሄድ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ሲበዛ ዘመኑ የቆየ ይሆናል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት 5500 ደምረው በዓመተ ዓለም ሲቆጥሩ ዘመኑ ሁልጊዜ ወደ ፊት ስለሚሄድ እንዲህ ያለ ግራ መጋባት አይገጥማቸውም፤ እዚህ ግን ድንበሩን በተሻገርን ቁጥር መደመር ያስፈልጋል። ለምሳሌ ሉክ የተወለደው ከያቪን 19 ዓመት በፊት ነው፤ ኤፒሶድ 6 የሚፈጸመው ከያቪን 4 ዓመት በኋላ ነው፤ እንግዲህ ሉክ በዚያ ፊልም የ23 ዓመት ወጣት ነው ማለት ነው። የገጸ ባሕርያቱን ዕድሜ በዚህ መንገድ እያሰቡ መሄድ ታሪኩን በአእምሮ ለመያዝ በእጅጉ ይረዳል። እኔ ለዚህ ተግባር አንድ ደብተር መድቤ በየገጹ ራስ ላይ የታሪኩን ዓመት፣ ከሥሩም በዚያ ዓመት የማየውን ክፍል ቁጥር እጽፍ ነበር።

ከመጀመርዎ በፊት የማይገባውን ይለዩ። ዲዝኒ በ2012 ሉካስፊልምን ከገዛ በኋላ፣ በ2014 የቀድሞዎቹ ልብ ወለዶችና የቀልድ ሥዕል መጻሕፍት ከዋናው ታሪክ ወጥተው «ሌጀንድስ» በሚል ስም ለብቻቸው እንዲቆሙ ተደርጓል። በ2003 መታየት የጀመረው «ክሎን ዋርስ» የተባለው አጫጭር አኒሜሽንም ከዋናው ታሪክ ውጪ ነው። ከ2008 ጀምሮ ከታየው «ዘ ክሎን ዋርስ» ጋር በስም ስለሚመሳሰል ብዙዎች ይሳሳታሉ። «ቪዥንስ» የተሰኘው አኒሜሽንም እንዲሁ ለብቻው የሚታይ ነው።

በጊዜ ቅደም ተከተል ከድራማዎቹ ሁሉ የሚቀድመው ከያቪን 132 ዓመት በፊት የሚፈጸመው «ዘ አኮላይት» ነው። ጄዳዮች የተባሉት ባለ መብራት ሰይፍ የሰላም ጠባቂዎች በኃይላቸው ጫፍ ላይ የነበሩበትን ዘመን ያሳያል፤ ሆኖም ለቀጣዩ ታሪክ የግድ አስፈላጊ ስላልሆነ ቢያልፉት የሚጎድልብዎ ነገር የለም። እውነተኛው መነሻ ከያቪን 32 ዓመት በፊት ያለው ኤፒሶድ 1 ነው። አናኪን ስካይዎከር በታቱዊን በረሃ ከእናቱ ጋር በባርነት የሚኖር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ የምናየው እዚህ ነው። ከፊልሙ ቀጥሎ «ቴልስ ኦፍ ዘ ጄዳይ» ከተባለው አጫጭር አኒሜሽን ከ2ኛው እስከ 4ኛው ያሉትን ክፍሎች ይመልከቱ። ሦስቱም ከጄዳይነት ወጥቶ ወደ ጠላት ወገን ስለዞረው ስለ ካውንት ዱኩ ናቸው። ሁለቱ ከኤፒሶድ 1 የሚቀድሙ ቢሆኑም፣ የዱኩ ተማሪ የነበረውን ክዋይ-ጎንን በፊልሙ ካወቁ በኋላ ቢያዩአቸው ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከክዋይ-ጎን ሞት ጋር የተያያዘ ነው። ከዚያ ከያቪን 22 ዓመት በፊት ወዳለው ኤፒሶድ 2 ይሻገሩ።

አሁን የሥራው ሁሉ ልብ ወደሆነው ወደ «ዘ ክሎን ዋርስ» ደርሰናል። ሰባት ምዕራፍና 133 ክፍል ያለው ይህ አኒሜሽን በኤፒሶድ 2 እና በኤፒሶድ 3 መካከል ያሉትን ሦስት የጦርነት ዓመታት ይተርካል። ፊልሞቹን ብቻ ያየ ሰው አናኪንን በአንዱ ፊልም ቁጡ ጎረምሳ፣ በሚቀጥለው ደግሞ ለውድቀት የተቃረበ የጦር አዛዥ ሆኖ ያገኘዋል፤ መካከሉ ባዶ ነው። ወታደሮቹን በስማቸው የሚያውቅ፣ ተማሪውን አሶካ ታኖን እንደ ታናሽ እኅት የሚሳሳላት፣ ለወዳጆቹ ሲል ሕግ መጣስ ቀስ በቀስ የሚለምድበት አናኪን የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው። ታሪኩን በጊዜ ተራ ለማየት መድከም ተገቢ የሚሆነውም ከሁሉ በላይ ስለዚህ ነው እላለሁ።

ችግሩ ግን ተከታታዩ ራሱ በታሪኩ ተራ አለመታየቱ ነው። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ክፍሎች እጅግ የተዘበራረቁ ናቸው። ትክክለኛው አጀማመር የሚከተለው ነው፤ መጀመሪያ የ2ኛው ምዕራፍ 16ኛ ክፍል፣ ቀጥሎ የ1ኛው ምዕራፍ 16ኛ ክፍል፣ ከዚያ አሶካ የአናኪን ተማሪ ሆና የምትመጣበት የ2008ቱ የአኒሜሽን ፊልም፣ ከዚያ የ3ኛው ምዕራፍ 1ኛና 3ኛ ክፍሎች፣ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው የ1ኛው ምዕራፍ 1ኛ ክፍል የሚመጣው። ሙሉው ዝርዝር በስታር ዋርስ ኦፊሴላዊ ድረ ገጽ ላይ ወጥቷል፤ ከመጀመርዎ በፊት በደብተርዎ ላይ ይገልብጡት። ከ4ኛው ምዕራፍ በኋላ መንገዱ ይቀናል፤ የሚያስፈልገው የ5ኛውን ምዕራፍ 1ኛ ክፍል ከ13ኛው በኋላ ማስገባት ብቻ ነው።

ይህ ማስተካከያ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ አንድ ምሳሌ ላሳይ። በ1ኛው ምዕራፍ 5ኛ ክፍል ላይ ጥቂት አዲስ ምልምል ክሎኖች፣ ማለትም ከአንድ ሰው ተባዝተው የተፈጠሩ ወታደሮች፣ የሚጠብቁት የጦር ሰፈር በሮቦቶች ይወረራል። ከእነርሱ አንዱ ሔቪ፣ ፈንጂው ከርቀት አልነሣ ስላለ ወደ ኋላ ቀርቶ በገዛ እጁ ያፈነዳውና አብሮ ይሞታል። በወጣበት ተራ ያየው ሰው ስለዚህ ወታደር የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ድፍረቱን አድንቆ ያልፋል። የሔቪና የጓደኞቹ የሥልጠና ዘመን ግን በ3ኛው ምዕራፍ 1ኛ ክፍል ላይ ተተርኳል። እርስ በርስ እየተናቆሩ ፈተና ይወድቃሉ፤ ሔቪ ተስፋ ቆርጦ ሌሊት ጥሎ ለመሄድ ሲነሣ «99» የተባለ አካሉ የተጎዳ አረጋዊ ክሎን ያገኘውና ጓደኞቹን ጥሎ እንዳይሄድ ይመክረዋል፤ በማግስቱ ፈተናውን ካለፉ በኋላ ሔቪ የተሸለመውን ሜዳሊያ ለዚያ አረጋዊ ይሰጠዋል። ይህን አስቀድሞ ያየ ሰው፣ ሔቪ በጦር ሰፈሩ ውስጥ ለጓደኞቹ ሲል ብቻውን ሲቀር በምን ስሜት እንደሚያየው መገመት አያዳግትም። እኔ በመጀመሪያ ያየሁት በተገላቢጦሽ ስለነበር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በጥንቃቄ መጓዝ የሚያስፈልግበት ሌላው ቦታ ከያቪን 19 ዓመት በፊት የሚፈጸመው ኤፒሶድ 3 ነው። የ«ዘ ክሎን ዋርስ» የ7ኛው ምዕራፍ የመጨረሻዎቹ አራት ክፍሎች፣ ማለትም ከ9ኛው እስከ 12ኛው፣ ከዚህ ፊልም ጋር በአንድ ጊዜ የሚካሄዱ ናቸው። አንዳንዶች ፊልሙን በየትዕይንቱ እያቋረጡ ክፍሎቹን በመካከል ያስገባሉ፤ ይህ ግን የፊልሙን ትንፋሽ ስለሚቆርጥ አልወደውም። እኔ የምመክረው 9ኛውንና 10ኛውን ክፍሎች አስቀድሞ፣ ፊልሙን ሳያቋርጡ ቀጥሎ፣ 11ኛውንና 12ኛውን በመጨረሻ ማየትን ነው። በ9ኛው ክፍል አናኪንና መምህሩ ኦቢ-ዋን ዋና ከተማው ተጠቃ ተብሎ በድንገት ሲጠሩ አሶካን ተሰናብተው ይሄዳሉ፤ ፊልሙ የሚከፈተው በዚያው ከተማ ሰማይ ላይ በሚደረገው ውጊያ ነው። በ11ኛው ክፍል ደግሞ አሶካ በመርከብ ላይ ቆማ ሳለ በመንግሥቱ መሪ በቻንስለሩ ቢሮ የሚሆነው ነገር እንደ ሩቅ ድምፅ ይሰማታል። እኛ በፊልሙ ላይ በዓይናችን ያየነው ነውና ድምፁ የማን እንደሆነ፣ በዚያች ቅጽበት ምን እንደተወሰነ እናውቃለን፤ እርስዋ ግን አታውቅም። 12ኛው ክፍል ጊዜ ካለፈ በኋላ ቬደር በበረዶ ሜዳ ላይ ቆሞ የተማሪውን የመብራት ሰይፍ ሲያነሣ፣ አንድም ቃል ሳይነገር ያበቃል።

ቀጣዮቹን ዓመታት ፈጠን ብለን እናልፋለን። ቻንስለሩ ሪፐብሊኩን ሽሮ ከሚያቆመው ከኢምፓየሩ ምሥረታ ጋር የሚጀምረው አኒሜሽን «ዘ ባድ ባች» ሦስት ምዕራፍ አለው። ከእርሱ በኋላ የኮንትሮባንድ ነጋዴውን የሐን ሶሎን ወጣትነት የሚተርከው ፊልም «ሶሎ»፣ ከዚያም ከያቪን 9 ዓመት በፊት የሚፈጸመው ስድስት ክፍል ያለው «ኦቢ-ዋን ኬኖቢ» ይመጣሉ።

ከያቪን 5 ዓመት በፊት ሲደርሱ በኢምፓየሩ ላይ ስለተነሣው ዓመፅ የሚተርኩት ድራማው «አንዶር» እና አኒሜሽኑ «ሬብልስ» ጎን ለጎን ይጀምራሉ። የ«አንዶር»ን 1ኛ ምዕራፍ ካዩ በኋላ የ«ሬብልስ»ን ሁለት ምዕራፎች ይጨርሱ። የ«አንዶር» 2ኛ ምዕራፍ 12 ክፍሎች በሦስት በሦስት ተከፍለው እያንዳንዱ ቡድን አንድ ዓመት የሚዘልል በመሆኑ፣ በየመካከሉ ሌላውን ለማስገባት የተመቸ ነው። በተለይ 9ኛውን ክፍል ልብ ይበሉ። የሕዝብ እንደራሴዋ ሞን ሞትማ በምክር ቤቱ ፊት ኢምፓየሩን በድፍረት አውግዛ ከከተማዋ የምታመልጥበት ይህ ክፍል እንዳለቀ፣ በ«ሬብልስ» 3ኛ ምዕራፍ መገባደጃ ላይ የዚያ ተከታታይ ጀግኖች እርስዋን በመርከብ አጅበው የሚያሻግሩበትን ክፍል ያስከትሉ። አንዱ በ2017 ሌላው በ2025 የተሠሩ ቢሆኑም የአንዱ መጨረሻ ለሌላው መጀመሪያ ይሆነዋል። ከዚያ «ሬብልስ»ን ይፈጽሙና የ«አንዶር»ን የመጨረሻ ሦስት ክፍሎች፣ ወዲያውም «ሮግ ዋን» የተባለውን ፊልም ይመልከቱ።

ለ«ሮግ ዋን» እና ለኤፒሶድ 4 አንድ ሙሉ ምሽት ይስጧቸው። ፕላኔት የሚያጠፋው የኢምፓየሩ መሣሪያ፣ የሞት ኮከቡ ንድፍ በጨለማ መተላለፊያ ውስጥ ቬደር እየተከተለ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ከዚያም በልዕልት ሊያ እጅ ሲገባ «ሮግ ዋን» ያበቃል። ኤፒሶድ 4 የሚጀምረው ያችው መርከብ ስትባረር ነው። በሁለቱ ፊልሞች ሥራ መካከል 39 ዓመት አለ፤ በታሪኩ ግን ያለው ልዩነት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ኤፒሶድ 5 እና 6 ከያቪን 3 እና 4 ዓመት በኋላ ይከተላሉ፤ እዚህ ምንም የሚጣመር ነገር ስለሌለ ዝም ብሎ ማየት ነው።

ከዚያ አምስት ዓመት ያህል አልፎ «ዘ ማንዳሎሪያን» ይጀምራል። ሁለቱን ምዕራፎች ካዩ በኋላ በቀጥታ ወደ 3ኛው አይሂዱ። በ2ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ማንዳሎሪያኑ ሕፃኑን ግሮጉን ለሉክ አስረክቦ በእንባ ይለየዋል፤ 3ኛው ሲጀምር ግን አብረው ናቸው። እንዴት እንደተገናኙ የተተረከው «ዘ ቡክ ኦፍ ቦባ ፌት» በተባለው ሌላ ድራማ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ባሉት ክፍሎች ስለሆነ እርሱን በመካከል ያስገቡት። ቀጥሎ «አሶካ» ይመጣል፤ የ«ሬብልስ» የመጨረሻ ክፍል መዝጊያ ላይ የተቋረጠውን ፍለጋ የሚቀጥል በመሆኑ፣ ያንን መዝጊያ ዳግም ቢያዩት መልካም ነው። «ስኬለተን ክሩ» በዚሁ ዘመን የሚፈጸም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ፊልሞች ከያቪን 34 እና 35 ዓመት በኋላ ይፈጸማሉ። ኤፒሶድ 8 ኤፒሶድ 7 ባቆመበት ስፍራ ስለሚቀጥል ሁለቱን በተከታታይ ቀናት ይመልከቷቸው፤ በ8 እና በ9 መካከል አንድ ዓመት ያህል ስላለ እርስዎም ጥቂት ቢያርፉ አይጎዳም። በኤፒሶድ 9 መዝጊያ ላይ የእነዚህ ሦስት ፊልሞች ዋና ገጸ ባሕርይ ሬይ የምትሄድበትን ቤት አተኩረው ይመልከቱ። በታቱዊን አሸዋ መካከል ያለው ያ የገበሬ ቤት አናኪን እናቱን የቀበረበት፣ በኤፒሶድ 3 መጨረሻ አራስ የነበረው ሉክ ለአክስቱ ለቤሩ የተሰጠበት፣ በኤፒሶድ 4 ደግሞ ሉክ ቆሞ ሁለቱን ፀሐዮች ሲጠልቁ ያየበት ነው፤ ሬይ የሉክንና የሊያን ሰይፎች በጨርቅ ጠቅልላ አሸዋው ውስጥ የምትቀብረውም በዚያው ደጃፍ ነው።