የመኪና ፍሪሲዮን ዲስክ እንዴት እንደሚቀየር፣ በተለይ መሀል ማስያዙ

ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮ፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ የሚያገናኘውና የሚለያየው ክፍል) ከመፍታታችሁ በፊት ውስጡ ምን እንደሚካሄድ ይግባችሁ፣ ግማሹ ስህተት ያኔ ይቀራል። ቮላኖው (ሞተሩ ጫፍ ላይ የታሰረው ከባድ ክብ ብረት) ሁሌ ከሞተሩ ጋር ይዞራል፣ ዲስኩ ደግሞ የካምቢዮው ዘንግ ጥርስ ላይ ነው ያለው፣ ፕሬዠር ፕሌቱ (ቮላኖው ላይ በብሎን የሚታሰረው መጭመቂያ ሳህን) በሞላው ጉልበት ዲስኩን ቮላኖው ላይ ሲጨምቀው ሶስቱ አብረው ይዞሩና መኪናው ይሄዳል። ፔዳሉን ስትረግጡ ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) የሞላውን ጣቶች ይገፋል፣ ጭመቃው ይላላል፣ ዲስኩም ነጻ ይሆናል።

ይሄ ማንዋል መኪና ላይ ያለው ደረቁ ባለ አንድ ዲስክ ነው። ሞተርሳይክል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ትናንሽ ዲስኮች ተደራርበው ዘይት ውስጥ ይሰራሉ፣ ስለዚህ ያገኛችሁትን የመኪና ዘይት አትጨምሩበት፣ ሊያንሸራትተው ይችላል። ስኩተርና የሰንሰለት መጋዝ ላይ ደግሞ የፍሪሲዮን ፔዳልም እጀታም የለም፣ ሞተሩ ሲፈጥን ክብደቶቹ ራሳቸው ወደ ውጪ ተገፍተው ከበሮውን ይይዙታል። የኤሲ ኮምፕረሰር ላይ ያለው የሚይዘው በኤሌክትሪክ ማግኔት ነው፣ የሳይክል የኋላ ጎማ ላይ ያለው ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ።

አሁን ወደ ስራው። መጀመሪያ ዲስኩ በእርግጥ ማለቁን እዩ፦ ከፍተኛ ማርሽ (ለምሳሌ አራተኛ) ላይ ሆናችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ እያንሸራተተ ነው። ፔዳል ስትረግጡ ብቻ የሚመጣ ድምጽ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው።

ባትሪውን ንቀሉ፣ መኪናውን አንሱና በማቆሚያ ደግፉት (በክሪክ ብቻ ስር አትግቡ፣ በፍጹም!)፣ ካምቢዮውን አውርዱ። አቧራውን በኮምፕረሰር አትንፉት፣ የድሮ ዲስክ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። የሪቬቶቹ (የዲስኩን ሽፋን የሚይዙት ትናንሽ ምስማሮች) ጭንቅላት ከዲስኩ ገጽ ወደ 0.3 ሚሊሜትር ብቻ ከቀረው አልቋል ማለት ነው። ካምቢዮው አንዴ ከወረደ ደግሞ ዲስክ፣ ፕሬዠር ፕሌትና ኩሽኔታ ሶስቱንም አብራችሁ ቀይሩ፣ ኩሽኔታ ለመቆጠብ ብሎ ይሄን ሁሉ ስራ መድገም ለኔ አይዋጥልኝም።

ዋናው ነገር እዚህ ጋር ነው። ዲስኩን የሚይዘው ጭመቃ ብቻ ነው፣ በራሱ መሀል ላይ የሚያቆመው ነገር የለም። ብሎን ስታጠብቁ 2 ሚሊሜትር ወደ ታች ከወረደ እዛው ታስሮ ይቀራል፣ የካምቢዮው ዘንግ ደግሞ በዲስኩ ጥርስ አልፎ ብዙ መኪኖች ላይ ቮላኖው መሀል ያለችው ትንሽ ኩሽኔታ ውስጥ ቀጥ ብሎ መግባት አለበት።

እኔ መጀመሪያ የሰራሁ ጊዜ በአይኔ ገምቼ አሰርኩት። ካምቢዮው ሊገባ 1 ሳንቲሜትር ሲቀረው እምቢ አለ፣ ደክሞኝም ስለነበር በዙሪያው ብሎን አስገብቼ በቁልፍ እየሳብኩ አስጠጋሁት። ገባ ብዬ ደስ አለኝ፣ ሞተሩን ሳስነሳ ግን ፔዳሉን እስከ ታች ረግጬም ማርሽ አይገባም፣ ለካ የዲስኩን እምብርት አጣምሜዋለሁ። አዲስ ዲስክ ተጣለ፣ ስራውም ከዜሮ ተጀመረ። ካምቢዮ በብሎን አይሳብም፣ በእጅ ተገፍቶ ካልገባ የሆነ ነገር ተሳስቷል፣ መልሳችሁ አውጡትና እዩ።

ስለዚህ የፕላስቲኳን መሀል ማስያዣ ዘንግ ግዙ፣ ወይም ከተመሳሳይ ካምቢዮ የወጣ አሮጌ ዘንግ ተጠቀሙ፣ እንጨት ላይ ፕላስተር ጠቅልሎ መሞከሩን ግን አልመክርም። ዲስኩ ላይ የትኛው ጎን ወደ ቮላኖ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፣ ካልተጻፈ በእጃችሁ ቮላኖው ላይ ለጥፉትና እምብርቱ የቮላኖውን ብሎኖች እንደማይነካ አረጋግጡ። ከዛ ዘንጉ ውስጡ እንዳለ የፕሬዠር ፕሌቱን ብሎኖች እያቀያየራችሁ በተቃራኒ በተቃራኒ ትንሽ ትንሽ አጥብቁ፣ በመጨረሻ ዘንጉ በሁለት ጣት ቀለል ብሎ ከወጣ መሀሉን ይዟል።

ግራሶ የካምቢዮው ዘንግ ጥርስ ላይ በጣም ስስ አድርጉ፣ ከበዛ ሲዞር ተረጭቶ ዲስኩ ላይ ያርፍና መኪናው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ካምቢዮውን ስትመልሱም ብሎኖቹ እስኪያዙ ድረስ ከስር ደግፉት፣ ክብደቱ ዲስኩ ላይ እንዳይንጠለጠል።

ከጨረሳችሁ በኋላ ሞተሩን አስነሱ፣ ፔዳሉን ረግጣችሁ 5 ሰከንድ ያህል ቆዩና የኋላ ማርሽ አስገቡ። ቢፋጭ ካምቢዮውን እንደገና ለማውረድ አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ የካቦውን (የፍሪሲዮኑን ገመድ) መላላት፣ ሃይድሮሊክ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ውስጥ አየር መኖሩን እዩ።