ወንጌል በማለዳ፣ ዘንዶ በታክሲ፣ ኮድ በቅዳሜ

«ይህን ሁሉ መቼ ነው የምታነበው?» ይሉኛል ቤት የሚመጡ ሰዎች። መደርደሪያዬ ላይ የወንጌል አንድምታ (የቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ) ያያሉ። አጠገቡ ሽፋኑ ላይ ዘንዶ የተጠመጠመበት ልብ ወለድ አለ። ከዚያ ቀጥሎ ሲ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የሚያስተምር፣ ጀርባው የተላላጠ የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ።

ፈጣን አንባቢ አይደለሁም። ሥራዬ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር መጠበቅ ነው፤ ሲስተም ሲቆም ሌሊትም ቢሆን የሚደወለው ለእኔ ነው። ጊዜም የለኝም። ግን ሦስቱን በአንድ ዓይነት አነባበብ አላነባቸውም። ድሮ ሁሉንም አልጋ ላይ ተጋድሜ ነበር የማነበው። አንድምታው ያስተኛኛል፣ የኮዱ መጽሐፍ ገብቶኛል ብዬ ሳልፈው በማግስቱ አንድ መስመር መጻፍ ያቅተኛል። ሰዓቱንና ቦታውን ስለያይ ነው ነገሩ የተስተካከለው። እንደሚከተለው ነው የማደርገው።

ከከባዱ ልጀምር። አንድምታ እንደ ጋዜጣ አይነበብም። ግእዙ ይቀድማል፣ አማርኛው ይከተላል፣ ከዚያ «አንድም» እያለ ሌላ ትርጉም ይደርባል። መሃል ላይ «ሐተታ» ብሎ ወጣ ይላል፤ «እንዲል» ብሎ ከሌላ መጽሐፍ ይመዛል። ጉባኤ ቤት ውስጥ መምህሩ በቃል ሲያወርዱት ተማሪው በጆሮው የሚይዘው ትምህርት ስለነበር፣ ዓረፍተ ነገሩ የተሠራው ለጆሮ ነው። ስለዚህ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ዓይን ብቻውን ይጠፋበታል።

እኔ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ፣ እርሳስ ይዤ አንድ ገጽ አነባለሁ። ከአንድ ገጽ አላልፍም። የዮሐንስ ወንጌል ሲጀምር «ቀዳሚሁ ቃል ውእቱ» ይላል። እነዚህ ሦስት ቃላት ላይ አንድ ሳምንት ቆየሁ። ይሄ መጀመሪያ ጊዜ የተቆጠረለት መጀመሪያ ነው ወይስ ጊዜ ራሱ ከመኖሩ በፊት? ጥያቄዬን ኅዳጉ ላይ ጻፍኩና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአንድ መሪጌታ አቀረብኩ።

«መጀመሪያ ቁርስ ብላ» አሉኝ።

ከቁርስ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ አስረዱኝ። በእንዲህ ያለው ንባብ ሰው መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ብቻችሁን ስትገምቱ ከዋላችሁ የራሳችሁን ሐሳብ ነው የምታነቡት። (በነገራችን ላይ፣ ኮምፒውተርም በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የመረጃ መጠን «ቃል» ይባላል። እኔ ማሽን ላይ 64 ቢት ነው። ይህን ለመሪጌታው አልነገርኳቸውም።)

ፋንታሲ፣ ማለትም እንደ ዘንዶው ያለው የምናብ ዓለም ልብ ወለድ፣ የታክሲ ሰልፍ ንባብ ነው። እዚህ እርሳስ አያስፈልግም፤ ዝም ብላችሁ ዋጡት። ሁለት ነገር ብቻ ልምከር። አንደኛ፣ መጽሐፉ ካርታ ካለው በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ቆማችሁ እያነበባችሁ ገጽ ወደ ኋላ መግለጥ ያሰለቻል። ሁለተኛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ስንተኛ ቅጽ እንደሆነ እዩ። እኔ ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የቶልኪንን «ዘ ቱ ታወርስ» ገዛሁ። ዋጋውን አስቀንሼ፣ ደስ ብሎኝ። የባለ ሦስት ቅጹ ታሪክ ሁለተኛ ክፍል መሆኑን ማን ነገረኝ? ገና ምዕራፍ አንድ ላይ ቦሮሚር የሚባል ጀግና ይሞታል። ሁሉም ያዝንለታል። እኔ ሰውየውን አላውቀውም! ለቀስተኛ መስሎ የማያውቀው ድንኳን የገባ ሰው ሆንኩ።

በ50 ገጽ ካልያዛችሁ ተዉት። ፋንታሲ ዕዳ አይደለም።

ከያዙኝ ውስጥ አንዱ የኡርሱላ ለጉዊን «ኧ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ። በዚያ ዓለም የአንድን ነገር እውነተኛ ስም ያወቀ ነገሩን ያዘዋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ስሙን ይደብቃል። የውጭ አንባቢ ይህን እንደ ፈጠራ ያደንቀው ይሆናል። እኔ ያስታወሰኝ አያቴን ነው፤ የክርስትና ስሜን ለማንም እንዳልናገር ታስጠነቅቀኝ ነበር፤ መተት የሚሠራው በስም ነው ብላ። «አስማት» የሚለው ቃል ራሱ በግእዝ «ስሞች» ማለት ነው። አማርኛችን ውስጥ የልብ ወለዱ ሕግ በአንድ ቃል ተቀምጧል። ያን ቀን ሦስቱን የሚያገናኝ አንድ ደብተር ገዛሁ። አንዱ ገጽ ርዕሱ «ስም» ነው። ከላይ የአያቴ ነገር፣ ከሥሩ ከወንጌሉ ያገኘሁት፣ ከሥሩ ደግሞ የራሴ ጥፋት ተጽፏል፦ ፕሮግራም ውስጥ «ጊዜያዊ 2» ብዬ የሰየምኩት ነገር ከሦስት ወር በኋላ ምን እንደነበር ጠፍቶኝ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። እናንተም ደብተሩን በመጽሐፍ ሳይሆን በጉዳይ ክፈሉት። በመጽሐፍ ከከፈላችሁት ሦስቱ አይነጋገሩም።

ኮድ ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ኮምፒውተሩ ተከፍቶ። የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ በእጅ ይነበባል። ምሳሌውን ኮፒ አታድርጉ፤ ራሳችሁ ተይቡት፣ ከዚያ አበላሹት። የእኔ ከርኒሃንና ሪቺ ስለ ሲ ቋንቋ የጻፉት ነው፤ ሁለተኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. 1988። ቀጭን ነው፣ ግን ቶሎ አያልቅም። መጽሐፉ የአንድን ጽሑፍ ርዝመት የምትቆጥር ትንሽ ፕሮግራም ያሳያል። የእንግሊዝኛውን ምሳሌ ትቼ «ሰላም» ብዬ ሰጠኋት። 9 አለችኝ። ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ! ለካ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው፣ ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት የተለመደ አጻጻፍ፣ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት (ትንሽ የማከማቻ ቦታ) ይይዛል፤ እሷ ደግሞ የምትቆጥረው ባይት ነው። ምሳሌውን እንዳለ ብገለብጠው ኖሮ ይህን አላገኘውም ነበር።

መብራት ሲጠፋስ? ቆሎ አምጡ። አልቀልድም። አንድን ጽሑፍ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የምትገለብጥ ዝነኛ አንዲት መስመር አለች፤ ስትታይ አጭር፣ ስትገባ ግን የምታስቸግር። በሻማ ብርሃን የሽንብራ ቆሎ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ፤ እያንዳንዷ ፍሬ አንድ ባይት። መጨረሻ ላይ «እዚህ ቁም» የሚለውን ዜሮ እንዲወክል የለስላሳ ቆርኪ አስቀመጥኩ። አንድ በአንድ እገለብጣለሁ፣ ቆርኪው ጋ ስደርስ አቆማለሁ። የእህቴ ልጅ መጣችና ቆርኪውን ይዛ ሄደች። እጄ ቀጠለ። ቆሎው አለቀ፣ ማቆሚያ የለም፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ሊገለበጥ ነው፤ ሻማው፣ ስኒው። ፕሮግራም ለምን የማይመለከተው ቦታ ገብቶ እንደሚሞት የገባኝ ያኔ ነው። ስንት ዓመት ሰርቨር ስጠብቅ ኖሬ!

ግዢ ላይ አንድ ነገር። ሽፋኑ ላይ የሶፍትዌር ቨርዥን ቁጥር የተጻፈበት አሮጌ የኮምፒውተር መጽሐፍ አትግዙ፤ እንደ እንጎቻ ነው፣ ትኩሱን ካልበላችሁት ቀረ። ስለ መሠረቱ የሚያስተምር ግን አይሻግትም። ኪንድል (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ) ልግዛ ወይስ ወረቀት የሚለውንም ተዉት፤ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።

እንዲህ መቀላቀል ግራ የሚያጋባ ነው ለሚሏችሁ ዶናልድ ክኑትን ጥቀሱላቸው። ከኮምፒውተር ሳይንስ ታላላቆች አንዱ ናቸው፤ በመጽሐፋቸው ስሕተት ላገኘ ሰው 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም ሽልማት በመስጠት ይታወቃሉ። እኚሁ ሰው ከመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች ምዕራፍ 3 ቁጥር 16ን እየመረጡ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፈዋል። እንደ እኛ 81 መጻሕፍት ይዘው ቢነሡ ኖሮ ድካማቸው ይብስ ነበር።

መደርደሪያ ላይ እንዳሻችሁ ደባልቁ፣ ግን የቤቱን ሰው ስሜት እወቁ። እናቴ ገድለ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ከዘንዶው አጠገብ አየችው። «60 አንበሳና 60 ነብር ያስከተሉ ጻድቅ ከዚህ አውሬ ጋር?» ብላ ገድሉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አወጣችው። አልተከራከርኩም።

መጽሐፍ ስታውሱ ደግሞ የወሰደውን ሰው ስምና ቀኑን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። የቶልኪንን አንደኛ ቅጽ ስንት ወር ፈልጌ አገኘሁት፤ አንብቤ እንደጨረስኩ ለአንድ የሥራ ባልደረባ አዋስኩት። ስሙን አልጻፍኩም። ለማን እንደሰጠሁት ጠፍቶኛል። መደርደሪያዬ አሁንም የሚጀምረው ከቦሮሚር ሞት ነው።