ኦፍሴት እምቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ በአውቶካድ

ኦፍሴት በአውቶካድ፣ ማለትም በኮምፒውተር የንድፍ መሳያ ፕሮግራሙ፣ ከአንድ መስመር በተወሰነ ርቀት ትይዩ መስመር የሚያወጣ ትዕዛዝ ነው።

ለስላሳው ኩርባ ወደ ውስጥ ሲገፋ ሹል ጥግ ያወጣል፣ ወይም ቅስቱ ይጠፋል

መንስኤ፦ ኦፍሴት ስዕልን አያሳንስም፤ እያንዳንዱን ነጥብ ከኩርባው በ90 ዲግሪ እኩል ርቀት ይገፋዋል። ስለዚህ 5 ሚሜ ሬዲየስ ያለው የፖሊላይን (እንደ አንድ የተያያዙ መስመሮችና ቅስቶች) ጥግ በ3 ሚሜ ወደ ውስጥ ሲገፋ 2 ሚሜ ይቀረዋል። በ8 ሚሜ ከተገፋ ግን የሚቀር ሬዲየስ የለም፤ ቅስቱ ይወድቅና ግራና ቀኙ ያሉት መስመሮች ሹል ሆነው ይገናኛሉ። ሞላላም ያታልላል። ግማሽ ዘንጎቹ 100 እና 40 ሚሜ ከሆኑ ሰፊ ይመስላል እንጂ ረጅሙ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ሬዲየስ 40×40÷100፣ ማለትም 16 ሚሜ ብቻ ነው።

መፍትሄ፦ ከመግፋትዎ በፊት ትንሹን ሬዲየስ ይወቁ። ቅስት ከሆነ ፕሮፐርቲስ (የባህርያት መስኮት) ላይ ተጽፏል። ስፕላይን (በነጥቦች የሚመራ ለስላሳ ኩርባ) ከሆነ በጣም በታጠፈበት ቦታ ላይ፣ ተቀራራቢ 3 ነጥቦችን ይዘው ክብ ይሳሉ፤ የክቡ ሬዲየስ ግምቱን ይሰጥዎታል። የኦፍሴቱ ርቀት ከዚያ ከበለጠ ዋናውን ኩርባ ያስፉ ወይም ርቀቱን ይቀንሱ። ስዕሉ ለመቁረጫ ማሽን ከሆነ ደግሞ ሹሉን ጥግ እንደ ስህተት አይቁጠሩት፤ 8 ሚሜ ሬዲየስ ያለው መቁረጫ ራሱ 5 ሚሜ ጥግ ውስጥ ስለማይገባ ፕሮግራሙ እውነቱን ነው የነገረዎት።

በነገራችን ላይ የሞላላ ኦፍሴት ሞላላ አይደለም። የሚወጣው ስፕላይን ስለሆነ ዘንጉን ፍለጋ አይድከሙ።

ሙሉውን ቅርጽ ጠቅ አድርገው አንድ ጎን ብቻ ይገፋል

ቅርጹ የተለያዩ መስመሮች ስብስብ ነው። ፒኤዲት (የፖሊላይን ማስተካከያ ትዕዛዝ) ብለው መልቲፕልን (ብዙ በአንዴ) ይምረጡ፤ መስመሮቹን መርጠው ወደ ፖሊላይን ይቀይሩና ጆይን (አያይዝ) ይበሉ። የፈዝ ርቀት (በጫፎች መካከል የሚታለፈውን ክፍተት) ሲጠይቅ ከክፍተቱ ትንሽ የሚበልጥ ቁጥር ይስጡ፤ ለምሳሌ ክፍተቱ 0.002 ከሆነ 0.005። ትልቅ ቁጥር መስጠት መገናኘት የሌለባቸውን ጫፎች ያጣብቃል። አሁንም ካልተያያዙ የጫፎቹን የዜድ ዋጋ ይመልከቱ፤ ከላይ ሲታዩ የተነካኩ መስመሮች በከፍታ ሊለያዩ ይችላሉ። ፍላተን የሚባለው ትዕዛዝ ወደ አንድ ወለል ያወርዳቸዋል።

ብሎክ (እንደ አንድ ነገር የተጠቀለለ የስዕል ክፍል) ውስጥ ያለ መስመር ደግሞ ጭራሽ አይገፋም። ብሎኩን ሳያፈርሱ በኤንኮፒ ትዕዛዝ መስመሩን ብቻ ያውጡ።

ወደ ውጭ ሲገፋ ጥጎቹ ይከብባሉ

ኦፍሴትጋፕታይፕ (ጥጎቹ እንዴት እንደሚሞሉ የሚወስነው ቅንብር) 1 ላይ ነው። 0 ጥጉን ሹል አድርጎ ያራዝማል፣ 1 በኦፍሴቱ ርቀት ልክ ያከብበዋል፣ 2 ገደድ አድርጎ ይቆርጠዋል።

አዲሱ መስመር በተሳሳተ ሌየር (የስዕል ንብርብር) ይወጣል

ኦፍሴት ብለው ርቀት ከመስጠትዎ በፊት ሌየር የሚለውን አማራጭ ከሶርስ (የዋናው መስመር ሌየር) ወደ ከረንት (አሁን የሚሰሩበት ሌየር) ይቀይሩ።