ወላጅ መርሳት ሲጀምር ውክልና በጊዜው እንዴት ይወሰዳል?

አባቴ መርሳት የጀመረ ሰሞን ዘመድ ሁሉ ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ «ፍርድ ቤት ሄደህ አስከልክለውና ሞግዚት ሁን።» የችኮላ ምክር ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በፍርድ የተከለከለ፣ ማለትም ፍርድ ቤት ጉዳዩን ራሱ እንዳይፈጽም ያገደው ሰው የሚታየው እንደ ልጅ ነው፤ የፈረመው ውል ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ከቀላሉ ጀምሩ።

መጀመሪያ ምን እንደሚያቅተው ለዩ። አባቴን ያቃተው የባንክ ወረፋና ከተከራይ ጋር መጨቃጨቅ ነበር። ማንን እንደሚያምን ግን አሳምሮ ያውቃል። እንዲህ ላለ ሰው ውክልና ይበቃል፤ ካልተስማማው ደግሞ ራሱ ይሽረዋል።

ቀጥሎ ማስጻፍ ነው። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። በር ላይ ያለ ጸሐፊ ዘንድ ሄጄ «ጠቅላላ ውክልና» አስጻፍኩ። ስሙ ሁሉን የሚያሠራ ይመስላል። አያሠራም! ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ነው፦ ንብረት መጠበቅ፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ ከ3 ዓመት ያልበለጠ ኪራይ ማከራየት። ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ሥራው በግልጽ ተጠቅሶ ይጻፋል። ለሕክምናው ቤቱን አስይዘን ልንበደር ስንል ወረቀታችን ዋጋ አጣ። በአዲስ እንዳናስጽፍ አባቴ የሚፈርመው ምን እንደሆነ አይገባውም ነበር። ጭራሽ የድሮውም አጠያያቂ ሆነ፤ ወካዩ ሕጋዊ ችሎታ ሲያጣ ውክልናውም በመርህ ደረጃ ይቀራልና።

ስለዚህ ጸሐፊው በልማድ የሚገለብጠውን ቅጽ አትመኑ። ወላጃችሁ የሚፈቅደውን ሥራ አንድ በአንድ ጠይቃችሁ በወረቀት ያዙ። ወንድምና እህት ካላችሁ እነሱም ባሉበት ይሁን፤ በኋላ ከሚመጣ ኩርፊያ ያድናል።

ለማስፈረም መታወቂያ ይዛችሁ ውልና ማስረጃ ሂዱ። አእምሮው የሚጠራበትን ሰዓት ምረጡ፤ አባቴ ጠዋት ጠዋት ሌላ ሰው ነው። ሠራተኛው ሲጠይቀው እናንተ አትመልሱ።

ጊዜው ካለፈ ያው ፍርድ ቤት ነው። ማመልከት የሚችሉት ራሱ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ዘመድ ወይም ዐቃቤ ሕግ ናቸው። የሐኪም ማስረጃ ያዙ። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ፍርድ ቤቱ አንዳንድ ሥራዎችን ራሱ እንዲሠራ ሊፈቅድለት ይችላል። ይህን ማመልከቻው ላይ ጠይቁ። እኛ የጠየቅነው ከውሳኔው በኋላ ነው። አሁን አባቴ ጡረታውን ራሱ ይቀበላል፤ ቆጥሮም ለእኔ የታክሲ ይሰጠኛል።