የበሬሳን ወንዝ ከነነዋሪዎቹ ማንሳት

እንጀራዬ የሰርግ ፎቶ ነው። ጾመ ነቢያት ሲገባ ደብረ ብርሃን ሰርግ የለም። ያኔ ካሜራዬን አንጠልጥዬ ወደ በሬሳ እወርዳለሁ።

ወቅቱም ይመቻል። በክረምት ውሃው ድፍርስ ስለሆነ አትልፉ። ከጥቅምት ወዲህ ግን ታቹ ድረስ ይታያል። ችግሩ ብርዱ ነው። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል። ስትመለሱ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ካሜራውን ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ እሰሩት። እስኪሞቅ አትክፈቱት፤ አለዚያ ሌንሱ ላብ ያጠምቀዋል።

ውሃ ስታነሱ የሚያስቸግራችሁ ነጸብራቁ ነው። ድንጋዩን አነሳሁ ስትሉ ሰማዩን አንስታችሁት ታገኛላችሁ። መድኃኒቱ ፖላራይዘር የሚባለው የሌንስ ማጣሪያ ነው። ሌንሱ ጫፍ ላይ ግጠሙና ነጸብራቁ እስኪጠፋ ቀለበቱን አዙሩት። ቀጥ ብሎ ቁልቁል ማየት አይሠራም፤ ከውሃው ፊት ወደ 37 ዲግሪ ያህል አዘንብሉ። በስልክ ከሆነ ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ካሜራው ፊት ደቅኑበት። ይሠራል።

ዋናው ነገር ያለው ግን ድንጋዩ ሥር ነው። አንዱን ቀስ ብላችሁ ገልብጡ። የስንዴ ፍሬ የማታህል፣ ባለ ሦስት ጭራ ነፍሳት ተለጥፋ ታገኛላችሁ። አልቅትም ልትወጣ ትችላለች፤ እሷ የከብቶቹ ጠላት ናት፤ ተዉአት። ክብ ብርጭቆ ምስል ስለሚያጣምም፣ እኔ የፎቶ ፍሬም መስታወት በሲሊኮን አጣብቄ ትንሽ ሣጥን ሠርቻለሁ። የወንዙን ውሃ ሞልታችሁ ነፍሳቷን ጨምሩ። ከኋላ ጥቁር ጨርቅ፣ ብርሃኑ ከጎን። በሆዳችሁ ተኝታችሁ ፎከሱን ዓይኗ ላይ አድርጉ። ሆዷ ግራና ቀኝ ቅጠል መሳይ ነገር ሲርገበገብ ታያላችሁ፤ መተንፈሻዋ ነው። ከሁለት ሦስት ደቂቃ በላይ አታቆዩአት። ድንጋዩንም እንደነበረ መልሱት፤ ሥሩ ቤት ነው።

እንዲህ ተጋድሜ አንድ እረኛ «ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ። ሣጥኑን አሳየሁት። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ መራጩ እሱ ሆነ፤ ከእኔ ይበልጣል።

የደጋዋ ዝይ ከመጣች ሌላ ጨዋታ ነው። ቆማ ስትታይ አመዳም ናት፤ ሰማያዊው ክንፏ ጎልቶ የሚታየው ስትነሳ ነው። ሹተሩን (የመዝጊያውን ፍጥነት) 1/1000 ሰከንድ አድርጋችሁ ጠብቁ። ፖላራይዘሩን አውልቁት፤ ብርሃን ይበላል። እኔ ረስቼው ሃያ ፎቶ ጨለመብኝ።

ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች ካሉ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ፈቃድ፣ ከዚያ ካሜራ።