የመንግሥት ሠራተኞችን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለማሠልጠን ምን ማድረግ ይገባል?

በአሜሪካ በከተማ አስተዳደር፣ በካውንቲ ወይም በፌዴራል መሥሪያ ቤት አንድ የሥራ ክፍል የሚመሩና ሠራተኞችዎን ለማሠልጠን ያሰቡ ከሆነ፣ ውድ አማካሪ ከመቅጠርዎ በፊት በአካባቢዎ ያለውን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የአካባቢውን ነዋሪ የሚያስተምር፣ በአብዛኛው የሁለት ዓመት የሆነ የሕዝብ ኮሌጅ) ማነጋገር ይገባል። እንደ ሞንትጎመሪ ኮሌጅና የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያሉ ተቋማት ከመደበኛው ትምህርት ጎን ለጎን ከአሠሪዎች ጋር ተዋውለው ያሠለጥናሉ። የሚደወለው ታዲያ ለመዝጋቢው ቢሮ ሳይሆን የሠራተኞች ሥልጠናን ለሚመራው ክፍል ነው።

ከመደወልዎ በፊት ግን ሥራው የት ላይ እንደሚጓተት፣ ባለጉዳይም በየትኛው ቅጽ ምክንያት እንደሚመላለስ ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጠው ይጻፉ። «ኤክሴል እንፈልጋለን» ብሎ የሄደ ኃላፊ ለማንም የሚሰጠውን ኮርስ ይዞ ይመለሳል፤ «የወሩን ሪፖርት ከሦስት ሰንጠረዦች በእጅ እየገለበጥን ሁለት ቀን ይፈጅብናል» ያለው ግን አስተማሪው ምን ማስተማር እንዳለበት ነግሮታል።

የሦስት ክሬዲት ኮርስ 45 ያህል የክፍል ሰዓት ይዞ 15 ሳምንት ገደማ የሚዘልቅ ሲሆን፣ ክሬዲት የሌለው ሥልጠና በሁለት ቀንም ሊያልቅ ይችላል። ክፍተቱ የአንድ ወይም የሁለት ሰው ከሆነ በመደበኛው ክፍል ማስመዝገብ ይበቃል። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች አንድ ዓይነት ክፍተት ካለባቸው ግን፣ በእኔ ግምት፣ አስተማሪውን ወደ መሥሪያ ቤቱ ማምጣት ይሻላል፤ የውል ሥልጠና ብዙውን ጊዜ የሚተመነው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን ለአንድ የሠልጣኞች ክፍል በጅምላ ስለሆነ፣ እንደ ሜሪላንድ ባሉ ግዛቶች የትምህርት ክፍያው በመኖሪያ ካውንቲ የሚለያይበት ጣጣ ይቀራል። አስተማሪው በመሥሪያ ቤቱ እውነተኛ ቅጾች እንዲያስተምር ይጠይቁ፤ የባለጉዳዮች ስምና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ግን አስቀድሞ ይሰረዝ።

ብዙ ዕቅድ የሚሰናከለው በበጀት ቀን ነው። የፌዴራሉ በጀት ዓመት ሴፕቴምበር 30 ሲዘጋ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ ካውንቲዎች ጁን 30 ይዘጋሉ፤ ስለዚህ በኦገስት መጨረሻ የሚጀምረው ሴሚስተር ለካውንቲው በአዲሱ በጀት፣ ለፌዴራሉ ደግሞ ሊያልቅ በተቃረበው ላይ ይወድቃል። በፌዴራል መሥሪያ ቤት ኤስ ኤፍ 182 የተባለው የሥልጠና ፈቃድ ቅጽ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት መጽደቅ አለበት፤ ለእናንተ ብቻ ተብሎ የሚዘጋጅ ሥልጠና በግዢ ክፍል ስለሚያልፍ ወራት ቀደም ብሎ መነሳት ይጠይቃል። የሥልጠናው ርዝመት መሥሪያ ቤቱ ከወሰነው ልክ ካለፈ፣ ሠራተኛው የሥልጠናውን ጊዜ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ለማገልገል ይፈርማል፤ ይህንንም ከመመዝገቡ በፊት ሊያውቀው ይገባል።

ሥልጠናው በሥራ ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። በሰዓት ለሚከፈለው ሠራተኛ የግዴታ ሥልጠና ማታም ቢሰጥ የሥራ ሰዓት ሆኖ ይቆጠራል፤ ሲነጋ ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ ቀኑን ሙሉ የሠራ ሰው ደግሞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከአስተማሪው ይልቅ የሚታየው ትራሱ ነው።

ሥልጠናው ካለቀ ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ የወር ሪፖርት አውጥተው ስንት ሰዓት እንደፈጀ ይመልከቱ። ከኮሌጁ ጋር ያለውን ውል ለማደስ የሚፈርሙት ከዚያ በኋላ ይሁን።